ሬቲንግህ ስለ ጎረቤትህ ነው የሚናገረው

እዚህ ሜሪላንድ የሚካሄድ አንድ የዲስክ ጎልፍ (ዲስክ እየወረወሩ በተቻለ መጠን በጥቂት ውርወራ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ) ውድድር፣ ስሙን ልተወውና፣ ሰሞኑን የምዝገባ ደንቡን ቀየረ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ መመዝገቡ ቀርቷል። በመጀመሪያ የሚመዘገቡት ሬቲንጋቸው፣ ማለትም የተጫዋቹን ችሎታ ያሳያል የሚባለው ቁጥር፣ 970 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ናቸው። ከቀናት በኋላ ከ935 በላይ ላሉት ይከፈታል። ሌላው ሕዝብ የሚገባው ቦታ ከተረፈ ነው። ቦታ እንደማይተርፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሲያጉረመርም አዘጋጁ የሰጡት መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሬቲንግ ሒሳብ ነው፣ ሒሳብ ደግሞ አያዳላም።

ቦታ ሲያንስ አንዳንድ ሰው መቅረቱ አይቀርም። እሱ ይገባኛል። ደሜን ያፈላው ምክንያቱ ነው። «የምናውቃቸውን ማስቀደም ፈለግን» ቢሉን ኖሮ እንናደድ ነበር እንጂ እንደ ሞኝ አንቆጠርም ነበር።

ሒሳብ አያዳላም። እሺ። ሒሳብ ግን የሰጡትን ቁጥር ነው የሚያላምጠው። ለዚህኛው ሒሳብ ቁጥሩን የሚያቀብለው ማን እንደሆነ አዘጋጁ አስበውበት ያውቃሉ?

በኳሱ ጎልፍ ባለሙያዎች አስቀድመው ሜዳው ድረስ ይሄዳሉ። ርቀቱን፣ አሸዋውን፣ ውሃውን አይተው ለሜዳው የክብደት ቁጥር ይሰጡታል። እናንተ ከመጫወታችሁ በፊት ሜዳው ተመዝኗል ማለት ነው። በዲስክ ጎልፍ ግን ሬቲንግ የሚያወጣው ማኅበር፣ ፒዲጂኤ፣ ሜዳውን የሚመዝን ሰው አይልክም። ስሌቱ ቅርጫቱ ስንት ሜትር ይርቃል፣ ዛፉ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚታየው በዕለቱ የተጫወቱት ሰዎች ውጤት ነው። ከእነሱ መካከል የቆየ ሬቲንግ ያላቸው ፕሮፓጌተር ይባላሉ። ዙሩ ሬቲንግ እንዲያገኝ ቢያንስ አምስት ፕሮፓጌተር መኖር አለበት። ከነሱ የቀድሞ ሬቲንግና ከነሱ የዛሬ ውጤት ተነስቶ፣ 1000 ሬቲንግ ያለው ተጫዋች ዛሬ እዚህ ሜዳ ላይ በስንት ውርወራ ይጨርስ ነበር የሚለው ይሰላል። እናንተ ከዚያ በበለጣችሁበት በእያንዳንዱ ውርወራ፣ መካከለኛ ሜዳ ላይ 10 ነጥብ ገደማ ትቀጣላችሁ።

ሜዳውን የሚመዝኑት ተጫዋቾቹ ናቸው። ተጫዋቾቹን የሚመዝናቸው ደግሞ ሜዳው ነው። ኪሎዋን በድንቹ፣ ድንቹን መልሳ በኪሎዋ የምታረጋግጥ ነጋዴ ብታጋጥመን ዘንቢላችንን አንስተን ነበር የምንሄደው። እዚህ ግን «ሒሳብ ነው» ተባልንና ዝም አልን።

እስቲ እንያው። አንድ ከተማ ውስጥ ስድስት ሰዎች አሉ እንበል። ሁሉም 900 ናቸው፤ ሁልጊዜ እርስ በርስ ነው የሚጫወቱት። አምስቱ ክረምቱን ሙሉ ሲለማመዱ ከረሙ። እያንዳንዳቸው በአንድ ዙር ሦስት ውርወራ ቀነሱ። ይህ በእውነቱ የ30 ነጥብ መሻሻል ነው። ስድስተኛው ሥራ በዝቶበት አልተለማመደም፣ ግን እንደ ድሮው ይጫወታል። ውድድር መጣና ስድስቱም ተጫወቱ። ሥርዓቱ ሰዎቹ እንደጎበዙ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የስድስቱን አማካይ ያያል፣ «ዛሬ ሜዳው ቀለል ብሏል» ይላል፣ አማካዩን መልሶ 900 ላይ ያስቀምጠዋል። አምስቱ ለዚያ ሁሉ ልፋት በዚያ ዙር 905 ይሰጣቸዋል። ስድስተኛው አንድም ነገር ሳያጠፋ 875 ይላሉታል። 30 የጎበዘው 5 አገኘ፤ ምንም ያልሆነው 25 አጣ። አያዳላም የተባለው ሒሳብ ይህን ነው የሚሠራው።

«ይህ በወረቀት ላይ ያለ ከተማ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ከ2020 በኋላ ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ መናፈሻ ሲገባ ይህ ስፖርት በጀማሪ ተጥለቀለቀ። ጀማሪ ደግሞ በፍጥነት ነው የሚያድገው። ጥቂት ዙሮች ይጫወታል፣ ሬቲንግ ያወጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ፕሮፓጌተር ይሆናል። ሬቲንጉ ግን የአሥራ ሁለት ወር ውጤት ስለሆነ ሁልጊዜ ከሰውየው ኋላ ይንፏቀቃል። ከዙሮቹ የቅርቦቹ ሩብ በእጥፍ እንዲቆጠሩ መደረጉ ትንሽ ይረዳል። ትንሽ ብቻ! 860 የሚል ወረቀት የያዘ ግን እንደ 900 የሚጫወት ልጅ በሞላበት ሜዳ ላይ፣ ከልጁ አጠገብ የቆመው ሁሉ ነጥቡ ይሸረፋል። ከዚያ የተሸረፈው ሰው በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ ውድድር ሄዶ ሌላውን ይመዝናል። ጉድለቱ እንዲህ ከሜዳ ሜዳ ይዞራል።

ይህን ቼስ ተጫዋቾች ከኛ በፊት አይተውታል። ክሎድ ብላድጉድ የሚባል በቨርጂኒያ እስር ቤት የታሰረ ሰው ነበር። እናቱን በመግደል ነው የተፈረደበት። እስር ቤት ውስጥ ከእስረኞች ጋር የሚመዘገብ ውድድር ይጫወት ነበር፣ ያሸንፍ ነበር፣ ነጥቡም ይወጣ ነበር። በ1996 ሬቲንጉ 2702 ደረሰና በአሜሪካ ዝርዝር ላይ ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ። ከግንቡ ውጭ ካሉ ታላላቅ ተጫዋቾች ጋር ሳይቀመጥ ነው ይህ የሆነው። ቼስ ይችል ነበር። የአገሪቱ ሁለተኛ ግን አልነበረም። ሒሳቡስ? ሒሳቡ አንድም ስህተት አልነበረበትም። እስር ቤቱ ውስጥ የነበረው ነጥብ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ፈሰሰ፣ በቃ።

እዚያ ነጥብ አበጠ፤ እኛ ጋ ይከሳል። አቅጣጫው ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው። እርስ በርሱ ብቻ የሚጫወት ቡድን ቁጥሩ የሚናገረው ስለዚያ ቡድን ብቻ ነው። ከሌላ ቡድን ቁጥር ጎን አስቀምጣችሁ «ይህ ይበልጣል» ለማለት ሁለቱን የሚያገናኝ ብዙ የጋራ ጨዋታ ያስፈልጋል። የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ይህን ዓይነቱን ጉድለት አምኗል። በመጋቢት ወር 2024 ከ2000 በታች ያሉትን ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፍ አደረጋቸው። 2000 ለመድረስ ከጎደላቸው 40 በመቶው ተጨመረላቸው፤ 1500 የነበረው 1700 ሆኖ አደረ። ዝቅተኛው ሬቲንግም ከ1000 ወደ 1400 ተነሳ። ሰዎቹ በአንድ ቀን ጎብዘው አይደለም። ቁጥሩ ስለ ታችኛው ተጫዋች ለዓመታት ሲሳሳት ስለኖረ ነው። ቼስን የሚያህል፣ ሬቲንግን ከዲስክ ጎልፍ በፊት ሲጠቀምበት የኖረ ስፖርት ይህን ሲያምን፣ የኛ ሰፈር አዘጋጅ «አያዳላም» ብለው ይሟገታሉ።

አዘጋጁ ሌላም ክርክር አላቸው፦ «ፖል ማክቤትን እዩ፣ ምርጡ ሰው ትልቁን ቁጥር ይዞ ነበር።» እንዴት ያለ ማስረጃ ነው! ማክቤት ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው። በ2018 ሚሺጋን ውስጥ ቶቦጋን በሚባለው ሜዳ ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተመደበው የውርወራ ብዛት፣ 18 ውርወራ ዝቅ ብሎ ጨርሷል፤ በ18 ቅርጫት ማለት ነው። እሱ ጎበዝ መሆኑን ለማወቅ ሬቲንግ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ዓይኑን ይመርመር። ደግሞም እላይ ያሉት ሰዎች የውድድር ዘመኑን ሙሉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እየዞሩ፣ አውሮፓም እየተሻገሩ እርስ በርስ ይፋለማሉ። ቁጥራቸው እየተፈተሸ ነው የሚኖረው። 1040 ከ1010 እንደሚበልጥ እኔም አልጠራጠርም። ጭቅጭቃችን ስለ 1040 አይደለም። 928 እና 936 ስለሆኑ ሁለት የሰፈር ሰዎች ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ውርወራ እንኳ አይሞላም። ዛፍ የነካች አንዲት ዲስክ ናት። በአዲሱ ደንብ አንዱ ይመዘገባል፣ ሌላው ቤቱ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ልስጣቸው። ንፋስና ዝናብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ራሳቸው ይቆጠራሉ፤ ሁሉም ሰው እኩል ስለሚንገላታ ማንም ሳይለካቸው ስሌቱ ውስጥ ይገባሉ። ጥሩ ብልሃት ነው። ለእሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፣ ሌላ የምሰጠው የለኝም።

ምክንያቱም ቁጥሩን መጠምዘዝም ይቻላል። ከአማካያችሁ ከ100 ነጥብ በላይ የወረደ ክፉ ዙር ከስሌቱ ይወጣል። ዙሩን አቋርጦ የሄደ ሰውም ለዚያ ዙር ሬቲንግ አይወጣለትም። ስለዚህ ቀኑ የጠመመበት ሰው ከአሥራ አራተኛው ቅርጫት በኋላ ድንገት ወገቡን ያመዋል፣ ቁጥሩም ትድናለች። በሌላ በኩል የመካከለኛ አማተሮች ምድብ ከ935 በታች ላሉት የተከለለ ነበርና፣ ሽልማቱን እያየ እዚያው 930 ላይ መኖሪያ የሠራ ሰው እያንዳንዳችን እናውቃለን። ሐቀኛው ተጫዋች ዝናብ እየደበደበው እስከ አሥራ ስምንተኛው ድረስ ይጫወታል። ከዚያ ምዝገባ ላይ «ቁጥርህ አልደረሰም» ይባላል።

ሴቶቹንስ ማን አሰባቸው? ደንቡ ምድብ አይለይም። የዓለም ምርጦቹ ሴቶች ሬቲንግ 1000 አካባቢ ነው። በየአካባቢው ያለች ጠንካራ ሴት ተጫዋች 860 ብትሆን አይገርምም። በራሷ ምድብ ልታሸንፍ የምትችል ሰው ከአንድ ሺህ ወንድ ኋላ ትሰለፋለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ሴቶች ለምን አይመጡም?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

አዲስ የሚገቡትም እንዲሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ብትሄዱ፣ ጫካው ውስጥ የሚማሩ ስንት ልጆች ታያላችሁ። ሬቲንግ የሚወጣው በተመዘገበ ውድድር ብቻ ነው። ሬቲንግ የሌለውን ሰው ውድድር አታስገቡትም፤ ውድድር ያልገባ ደግሞ ሬቲንግ አያገኝም። ይህን ቋጠሮ አዘጋጁ እንዴት እንደሚፈቱት መስማት እፈልጋለሁ።

ሬቲንግ ይጣል እያልኩ አይደለም። የመጀመሪያውን ዙር ቡድን ለመመደብ ይበጃል። የምድብ ጣሪያ ለማበጀትም፣ እያነከሰም ቢሆን፣ ያገለግላል። በር ላይ ዘበኛ ሆኖ እንዲቆም ግን አልተሠራም። ቦታውን ለየምድቡ አስቀድማችሁ ክፈሉት። ከቦታው በላይ ሰው ከመጣ ዕጣ አውጡ። ከፔንሲልቬንያና ከቨርጂኒያ ለሚመጡ ተጫዋቾች ጥቂት ቦታ ያዙ፤ የኛም ቁጥር ከሌላ ሰፈር ጋር ይፈተሽ። ይህ ሁሉ ከባድ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀላል የቤት ሥራ ልስጥ። ያለፈው ዓመት ውጤት ለማንም ክፍት ነው። አዘጋጁ ይክፈቱትና ፕሮፓጌተሮቹን ይቁጠሩ። ስንቶቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ፣ እርስ በርስ ብቻ የተጫወቱ ናቸው? መልሱን ከምዝገባው ማስታወቂያ ሥር ይለጥፉልን።