ዋሽንግተን ስለ ብሬከራችን ምን ይል ነበር?

ባለፈው ማክሰኞ የሰፈራችን ነዋሪዎች ተሰብስበን ነበር። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ፓርኪንጉ ውስጥ ብሬከር ይሠራ ወይስ አይሠራ? አምስት ደቂቃ በበቃው ነበር። ግን አንዱ ጎረቤቴ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገና “መሥራች አባቶቻችን ይህን አይፈቅዱም ነበር” አለ።

አለቀ። አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ገባ።

እዚህ አገር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ማድነቅ ጀምሬያለሁ። የኛ አገር ሙታን ሳቢ ምስኪን ነው። ዕጣን ያጨሳል፣ ጥቁር ዶሮ ያስመጣል፣ ቄሱም ያወግዙታል። የዚህ አገሩ ከረባቱን አጥብቆ ብቻ ጆርጅ ዋሽንግተንን ይጠራዋል። ይመጣለታልም! ደግሞ ምንጊዜም ከጠሪው ጋር ይስማማል። ግብር የመረረው ሲጠራው ግብር ይመረዋል። በ1794 የውስኪ ግብር አንከፍልም ባሉ ገበሬዎች ላይ ጦር ይዞ የዘመተው ሌላ ሰው ይመስል።

እሺ፣ ይምጡልን። በ1787 ሕገ መንግሥቱን ለመጻፍ ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት 55ቱም ፓርኪንጋችን ይውረዱ። መጀመሪያ መስኮት ያዘጋሉ፤ ያኔም ወሬ እንዳይወጣ በዚያ ሙቀት ዘግተው ነው የመከሩት። ፓርኪንግ መስኮት ስለሌለው የመኪኖቻችንን ያዘጉናል። ለ81 ዓመቱ ፍራንክሊን ጥላ ሥር ወንበር ይፈለጋል። ሮድ አይላንድ ያኔም ሰው አልላከችም፣ አሁንም ትቀራለች። ጎረቤቴ የሚምልበት ጄፈርሰን የለም፤ ያኔ ፓሪስ ነበር። ሃሚልተን “ብድር እንውሰድ” ይላል። ማዲሰን ከፊት ተቀምጦ ሁሉን ይጽፋል። ትልልቅ ቤት ያላቸው ድምፅ በቤተሰብ ብዛት ይሁን ይላሉ፤ ትንንሾቹ እኩል ካልሆነ ብለው ጃኬታቸውን ያነሣሉ። አራት ወር ሊሞላ ሲል 39ኙ ይፈርማሉ። ሌሎቹ ቀድመው ቤታቸው ገብተዋል፤ ሦስቱ ደግሞ እዚያው ተቀምጠው አንፈርምም ብለዋል። የቆሙ መኪኖች በሦስት አምስተኛ ይቆጠራሉ...

እዚህ ላይ ቀልዱ አነቀኝ። ያኔ የየግዛቱ ሕዝብ ሲቆጠር በሦስት አምስተኛ የተቆጠረው መኪና አልነበረም። ባሪያ የተባለ ሰው ነው! ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስድስት ወር የቆየ ባሪያ ነጻነቱን መጠየቅ ስለሚችል፣ ፕሬዚዳንቱ ዋሽንግተን ጊዜው ሳይሞላ ባሮቹን ከግዛቱ ያስወጣቸው ነበር። እነሱም ሕዝቡም እንዳይነቁበት ሰበብ ይፈለግ ብሎ በደብዳቤ አዟል። ኦና ጀጅ የምትባል ወጣት በ1796 ጌቶቿ ማዕድ ላይ ሳሉ ወጥታ ጠፋች። ዋሽንግተን ሰው ልኮ አስፈለጋት። በ1848 ስትሞት በሕግ ፊት አሁንም ባሪያ ነበረች። ዋሽንግተን ምን ይል ነበር ትላለህ? ያለው ተጽፎ ተቀምጧል። አንብበው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የኛም ሰው ተክኖበታል። የዜግነት ፈተና ካለፈ ገና ሁለት ወሩ ነው፣ አቦል ሳይወርድ “ማዲሰን ቢኖር ኖሮ” ይላል። ድሮ አጼዎቹን ነበር እንዲህ የሚጠራቸው። መሥሪያ ቤት ቀየረ እንጂ ሥራውስ ያው ነው።

ጄፈርሰን ራሱ በ1816 በጻፈው ደብዳቤ ሕገ መንግሥትን እንደ ቃል ኪዳኑ ታቦት አይነካም በሚሉ ሰዎች ተሳልቋል። ታቦት እንኳን ለኛ ተዉልን። ታቦት ለንግሥም ለጥምቀትም ይወጣል፤ ለፓርኪንግ ሲወጣ አላየሁም።

ትናንት ቃለ ጉባኤው በኢሜይል ደረሰን። ብሬከሩ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል። ከታች እንዲህ ይላል፦ “ተቃውሞ ያስመዘገቡ፦ ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ነዋሪ፣ እንዲሁም ጆርጅ ዋሽንግተን።”