ዋይ ቱ ኬ ውሸት አልነበረም፤ 2038ም አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ተጋባዡ ባለሙያ ስለ 2038ቱ የኮምፒውተር ቀን ችግር፣ ማለትም የአንዳንድ ኮምፒውተሮች የጊዜ ቆጣሪ በፈረንጆቹ 2038 ሞልቶ ወደ ኋላ ስለሚመለስበት ችግር፣ ተጠየቀ። እሱም በፈረንጆቹ 2000 መግቢያ ኮምፒውተሮች ዓመቱን ያሳስታሉ የተባለበትን ዋይ ቱ ኬን አነሳ። «ዋይ ቱ ኬ ብለው ዓለምን አስደንግጠው ምን ሆነ? ምንም! የሶፍትዌር ነጋዴዎች ብር ሰበሰቡበት። እኛማ ያኔ ገና 1992 ላይ ነበርን፤ ነገሩ አልነካንም» ብሎ መለሰ። አዘጋጁ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ሰውየው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንደሚያማክር ራሱ ተናግሯልና።

«1992 ላይ ነበርን» ከምትለዋ ልጀምር። ከሁሉም የባሰችው እሷ ናት። አዎ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ማለት በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር። ኮምፒውተሩ ግን መስከረምንም ጳጉሜንም አያውቅም። በውስጡ ያለው ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ዘመን ነው። የአውሮፕላን ትኬቱም፣ ከውጭ ባንክ ጋር የሚደረገው የገንዘብ ዝውውርም የሚሠራው በዚያው ነው። እኛ መስከረም 1 ቀን 2000 ሚሊኒየማችንን ስናከብር ኮምፒውተሮቻችን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይሉ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ሰርቨር አያድንም። ይህን ያልተረዳ ሰው የማንንም ሲስተም ሊያማክር አይገባም።

«ምንም አልሆነም» የሚለው ደግሞ የሚያናድደኝ ዋይ ቱ ኬን ለማረም የተሠራውን ሥራ ስለሚሰርዝ ነው። ሜሞሪ ውድ በነበረበት ዘመን ዓመተ ምሕረቱ በሁለት አኃዝ ብቻ ይመዘገብ ነበር። 1965 «65» ተብሎ ይጻፋል። የፈረንጆቹ 2000 ሲመጣ «00» ይሆናል፤ ማሽኑ 1900 መስሎት ዕድሜውን፣ ወለዱን፣ ጡረታውን ያዛባል። ይህ የታወቀ ስህተት ነበር። የታወቀ ስለነበረም ሰዎች ቁጭ ብለው አረሙት።

የአሜሪካን መንግሥት ተመልከቱ። ጡረታ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የእርማት ሥራውን የጀመረው በፈረንጆቹ 1989 ነው። ቀኑ ሊደርስ አሥር ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ሊፈተሽ የሚገባው ኮድ (የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ጽሑፍ) ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነበር። በፈረንጆቹ 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ዝግጅቱን የሚመራ አንድ ምክር ቤት አቋቁመው ጆን ኮስኪነን የሚባሉ ሰው ሾሙበት። አንድ ሰው፣ አንድ ኃላፊነት። በዚያው ዓመት ኩባንያዎች ስለ ዝግጅታቸው ያለ ፍርድ ቤት ፍርሃት መረጃ እንዲለዋወጡ የሚያግዝ ሕግ ወጣ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የኮንግረስ አባሉ የስቲቨን ሆርን ሥራ ነው። እያንዳንዱን መሥሪያ ቤት እንደ ተማሪ በፊደል ይመዝኑት ነበር። «ዲ» እና «ኤፍ» ያገኙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ይደረግ ነበር። በሕዝብ ፊት «ኤፍ» የተሰጠው ኃላፊ በማግስቱ ሥራ ይጀምራል!

የፌዴራል መንግሥቱ ብቻ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የፈረንጆቹ 2000 በገባባት ሌሊት የሩሲያ መኮንኖች ኮሎራዶ በሚገኘው የፒተርሰን አየር ኃይል ሰፈር ከአሜሪካኖቹ ጎን ተቀምጠው የሚሳይል ማስጠንቀቂያ መረጃ አብረው ይከታተሉ ነበር። በኒውክሌር የሚፋጠጡ ሁለት መንግሥታት ለነጋዴ ወሬ ብለው አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም የሾለከ ነበር። የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶችን መረጃ የሚያነበው የምድር ጣቢያ ሲስተም በዚያው ሌሊት ተበላሸ፤ እስኪስተካከል ቀናት ወሰደ። እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ የነፍሰ ጡሮችን ዕድሜ አዛብቶ አሰላ። ከ150 በላይ እናቶች ስለ ፅንሳቸው የዳውን ሲንድረም ምርመራ የተሳሳተ ውጤት ተነገራቸው። ስህተቱ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። «ምንም አልሆነም» የሚለው ሰው ይህን ለእነዚያ እናቶች ይንገራቸው።

ልጅ ተከትቦ ኩፍኝ ሳይዘው ሲቀር ኩፍኝ የሚባል በሽታ የለም አንልም። ሥራው የተሳካ ዕለት የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ የሠራው ይረሳል፣ ያልሠራው ደግሞ አዋቂ ይመስላል።

ጣሊያን ዘግይታ ጀምራ ምን ሆነች የሚሉም አሉ። የምትጠቀምበትን ሶፍትዌር ሌሎች አርመው ሰጧት፤ ይኸው ነው። ያጋነኑ ነጋዴዎች ነበሩ? ነበሩ። ነጋዴ ማጋነኑ ስህተቱን ከኮዱ ውስጥ አያወጣውም።

አሁን ወደ 2038። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ እየቆጠሩ ነው። ይህን ቁጥር በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የዜሮና የአንድ ቦታዎች ብቻ የሚይዙት ከ2,147,483,647 በላይ መቁጠር አይችሉም። ቁጥሩ ሲሞላ ቀኑ ወደ ዲሴምበር 1901 ይመለሳል። አዳዲሶቹ 64 ቢት ኮምፒውተሮች ከዚህ ነፃ ናቸው። አሮጌ ዳታቤዝ፣ ተገዝቶ የተረሳ ራውተር፣ ፋብሪካ ውስጥ የተቀበረ መቆጣጠሪያ ግን ነፃ አይደለም።

ቁጥሩ የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ዕለት። ሰዓቱም በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ሕዝቡ በየባሕረ ጥምቀቱ ተሰብስቦ፣ ቢሮ ሁሉ ተዘግቶ፣ ቴክኒሻኑ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ማለት ነው። «እኛን አይነካንም» የሚል ሰው ካላንደሩን ገልጦ ይመልከት።

ደግሞ እስከዚያ ቀን የሚጠበቅም አይደለም። ዛሬ የሚፈረም የ20 ዓመት የቤት ብድር 2038ን ይሻገራል። ስሌቱን የሚሠራው ሲስተም አሮጌ ከሆነ ስህተቱ አሁኑኑ ሊወጣ ይችላል። በዋይ ቱ ኬ ጊዜ እኛ ዘንድ ክፍያውም፣ መታወቂያውም፣ ግብሩም በአብዛኛው በወረቀት ነበር። ዛሬ ቴሌብር አለ፣ ፋይዳ አለ።

የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደሩ ኢንሳ ይሁን የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣ ኃላፊነቱን በስም የሚወስድ አንድ ሰው ይሾም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲስተም ተቆጥሮ ይመዝገብ። ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣ የግዥ ጨረታ ሁሉ ከ2038 በኋላ ያለውን ቀን የማይቀበል ዕቃ አንገዛም የሚል አንቀጽ ይኑረው። የእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ውጤትም በየዓመቱ በፓርላማ ይነበብ፤ «ኤፍ» ያገኘው ከነስሙ።