ማስተካከያ፦ ትሪም ሁሉን አያጸዳም

ባለፈው ጽሑፌ፣ ሁለት ስትሪንጎች (በኮድ ውስጥ ያሉ ጽሑፎች) ለዓይን አንድ ሆነው ጃቫስክሪፕት «እኩል አይደሉም» ካላችሁ በትሪም (trim) አጽዷቸው፣ አለቀ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ትሪም የሚያነሳው ግራና ቀኝ ዳር ያለውን ባዶ ቦታ ነው። መሃል ያለውን አይነካም። ዳር ላይ ቢሆን እንኳ ስፋቱ ዜሮ የሆነውን ስውር ክፍተት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከሌላ ቦታ ኮፒ ስታደርጉ ተለጥፎ የሚመጣው ጉድ እሱ ነው።

«ሰላም» ከትሪም በኋላም ርዝመቱ 3 መሆን ሲገባው 4 ካላችሁ፣ እያንዳንዱን ፊደል የፊደሉን ቁጥር በሚያወጣው በቻርኮድአት (charCodeAt) እዩት። የስውሩ ክፍተት ቁጥር 8203 ከወጣ ተገኘ፤ በሪፕሌስ (replace) በባዶ ተክታችሁ አውጡት።

በተለያየ ኮድ የተጻፈን አንድ ፊደል ወደ አንድ መልክ የሚያመጣው ኖርማላይዝም (normalize) አያወጣውም። «ሰላም»ንና «ሠላም»ንም አንድ አያደርግም። እነሱን ራሳችሁ ናችሁ የምትተኩት።