ስለ ፑዪ አባት ትንሽ እርማት

ወንድሜ፣ «የቻይና የመጨረሻው ንጉሥ ፑዪ የአፄ ጓንግሹ ልጅ ነው፤ ዙፋኑን የወረሰው አባቱ ሲሞት ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ጓንግሹ ልጅ አልነበራቸውም። የፑዪ ወላጅ አባት የቹን ልዑል ዛይፈንግ ሲሆኑ፣ ለጓንግሹ በአባት ወንድም ናቸው። ልጁ በወግ ለቀደሙት ነገሥታት ወራሽ ተብሎ ስለተሰጠ ነው ነገሩ የሚምታታው።

«የእቴጌ ጺሺ (ያኔ ቻይናን በተግባር ይገዙ የነበሩት) ዘመድ ስለሆነ ነው የተመረጠ» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የዛይፈንግ አባት፣ የመጀመሪያው የቹን ልዑል ዪሹዋን፣ የእቴጌይቱን ታናሽ እህት አግብተው ጓንግሹን ወለዱ፤ ዛይፈንግ ግን የተወለዱት ከሌላ ሚስት ነው። በሥጋ ከጺሺ ጋር አይገናኙም።

የልዑልነቱ ማዕረግ ራሱ ለየት ያለ ነበር። በቺንግ ሥርወ መንግሥት አብዛኛው ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ አንድ ደረጃ ይወርዳል። የቹን ቤት ግን ሳይቀነስ እንዲወርስ ተፈቅዶለት ስለነበር፣ ዛይፈንግ በ1891 (ሁሉም ዘመን በፈረንጆቹ ነው) ገና 8 ዓመት ሳይሞላቸው ሙሉውን ማዕረግ ያዙ። በ18 ዓመታቸው ደግሞ በቤጂንግ ስለተገደለው የጀርመን አምባሳደር ይቅርታ ሊጠይቁ በርሊን ተላኩ። ለዚያ ዕድሜ ከባድ ሸክም!

በ1908 ፑዪ ገና 3 ዓመት ሳይሞላው ሲነግሥ እንደራሴ የሆኑት እኚሁ አባት ናቸው። በታኅሣሥ 1911 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ያረፉት በ1951 ቤጂንግ ውስጥ ነው።