ሳይመዘገብም መብት አለው

ስለ ቅጂ መብት (ደራሲ በድርሰቱ ላይ ስላለው መብት) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እዚያ ላይ «ያልተመዘገበ ድርሰት ጥበቃ የለውም» የሚለው ግን ስህተት ነው። የደራሲያንን መብት የሚያስጠብቀው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት በፈረንጆቹ 1886 ተፈረመ፤ በ1908 በርሊን ላይ ሲሻሻል ደግሞ ምዝገባ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ግጥምህን ጽፈህ እስክሪብቶህን ስታስቀምጥ መብቱ ያንተ ነው። አሜሪካ ራሷ ስንት ዘመን አንገራግራ ስምምነቱ ውስጥ የገባችው በ1989 ነው! ድሮ እዚያ በክብ ውስጥ ያለችው «ሲ»፣ የቅጂ መብት ምልክቷ፣ ከመጽሐፉ ላይ ከተረሳች ደራሲው ጉድ ሊሆን ይችል ነበር።

የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ጥበቃውን የሚሰጠው ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና በወረቀትም ሆነ በቴፕ ከተቀረጸ ነው። ምዝገባ ክርክር ሲመጣ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ እኔም አስመዝግቡ ነው የምለው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የግጥም መጽሐፌን አንድ የስልክ ግሩፕ ውስጥ በፒዲኤፍ አገኘሁት። ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ስካን አድርገውታል። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ገጽ እንኳ አልዘለሉትም፤ እንዲያውም ከሁሉም ጠርቶ የሚነበበው እሱ ነው። «አንሱልኝ» ብዬ ብጽፍላቸው «ሁለተኛውስ መቼ ይወጣል?» አሉኝ።

ደግሞ የማራኬሹን በፈረንጆቹ የ2013 ስምምነት ለምን ዘለላችሁት? ዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በብሬይልና በድምፅ እንዲያገኙ በር የከፈተ ነው፤ ኢትዮጵያም ገብታበታለች።