ማስተካከያ፦ በጾም ወራት ስለ ድመት አመጋገብ

በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት የተጋራ አንድ ጽሑፍ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ድመትን በሽሮ የራሰ እንጀራና ወተት ብቻ እየሰጡ ማቆየት እንደሚቻል፣ ይህም የተመጣጠነ ምግብ እንደሚሆናት ይገልጻል። መረጃው ትክክል አይደለም።

በእንስሳት ሕክምና መማሪያዎችና በታተሙ ጥናቶች እንደተረጋገጠው፣ ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ስትሆን፣ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማያመርት ከሥጋ፣ ከዓሣ ወይም ታውሪን ከተጨመረበት የድመት ምግብ ማግኘት ይኖርባታል። እጥረቱ ሲራዘም የዓይን ብርሃኗን ይጎዳል፤ የልብ ጡንቻንም እንደሚያዳክም እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ሽሮው ደግሞ ከጎደሎነቱ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ የደም ማነስ ያስከትላሉ፤ ቢቁላሉም ሆነ በዱቄት መልክ በሽሮው ውስጥ ቢገቡ መርዛማነታቸው አይጠፋም። ወተትም (ለጾም ቤት መፍትሔ ተብሎ መቅረቡ ራሱ ያስገርማል) ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣል።

የድመት ምግብ እስኪገኝ ድረስ፣ አጥንቱ የወጣ፣ ጨውና ቅመም ያልነካው ቅቅል ዶሮ ወይም ዓሣ ለጥቂት ቀናት ያገለግላል፤ ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ የተቀቀለበትን ውሃ አብሮ መስጠት ይገባል። ጽሑፉን ተከትለው ሽሮ ሲመግቡ የቆዩ ሰዎች የድመታቸው ድድ ከነጣ፣ ሽንቷ ከጠቆረ ወይም ከደከመች ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ሽሮውን ጠልታ ለቀናት ሳትበላ የቆየች ድመትም፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ሊሞላ ስለሚችል "ሲርባት ትበላዋለች" ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው።