ይድረስ ለክቡር የቆርቆሮ ጣሪያዬ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ግለት በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከቤቴ ውስጥ ሆኜ አይደለም፤ ከኒም ዛፍ ሥር ነው። ሚያዝያ ነው፤ ያውም የመተማ ሚያዝያ። በጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ፣ እርስዎ ከላይ የተረከቡትን ፀሐይ አንዲት ሳያጎድሉ ወደ ታች ያስረክባሉ። እንዲህ ያለ ታማኝ ገንዘብ ያዥ አይቼ አላውቅም።

ስገዛዎ ነጋዴው «ባለ 32 ጌጅ ነው» ሲለኝ፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ወፍራም መስለውኝ ነበር። ለካ በእናንተ ዘር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ውፍረቱ ይቀንሳል።

ከእርስዎ በፊት የነበረው የሣር ክዳን አሮጌ ተብሎ ወረደ። ምስጥና እሳት ይፈራ ነበር እንጂ፣ በሣሩ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን እየከለከለልን ከቤት አስወጥቶን አያውቅም። አሁን ግን ኑሯችን እንዳለ ግቢ ወጥቷል። እንጀራ የሚጋገረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። እንስራው እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ዛፉ ሥር ተቀምጧል፤ የጆንያው እርጥበት በተነነ ቁጥር ውሃው ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ «ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ይህ ጆንያ ይሻላል» ትላለች። አልጋው ሳይቀር አጎበሩን እንደለበሰ ደጅ ያድራል። ቤት ውስጥ የቀራችሁት እርስዎ፣ ቁም ሳጥኑና እንሽላሊቶቹ ናችሁ። ሌሊትም አያርፉም፤ ሲቀዘቅዙ እየተኮማተሩ «ቋ! ቋ!» ባሉ ቁጥር ሌባ የመጣ እየመሰለን ዱላ ይዘን ስንት ጊዜ ተነስተናል።

የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን ኮርኒስ አደረግንልዎ። ሐሰት አልናገርም፣ ለውጥ አለው፤ ቀድሞ እንደ ቂጣ ነበር የምንጠበሰው፣ አሁን ኮባ እንደለበሰ ድፎ ዳቦ በዝግታ እንበስላለን።

ስለዚህ ቀትር ላይ «ቡና ሸተተኝ» እያልኩ ወደ ጎረቤቴ ሣር ቤት ጎራ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሰውየው ሣሩን አውርዶ እንደ እኔ ቆርቆሮ ሊያለብስ መሆኑን አጫወተኝ። ደነገጥሁ። ስለ ሣር ክዳን ጥቅም እስከ 10 ሰዓት ድረስ ሰበክሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ማታ ለሚስቱ ምን አላት አሉ መሰለዎ?

«እንዳልስተካከለው ቀንቶ ነው።»

አክባሪዎ፣
ከዛፉ ሥር